ረቂቁ መድኃኒት ወደ ገበያ የወጣበት መንገድ

የቀድሞ ሊቃውንታችን ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ ፍጥረትን ግዙፍና ረቂቅ ብለው በሁለት ይከፍሉት ነበር፤ ዓይን የሚያየውንና እጅ የሚዳስሰውን ግዙፍ ሲሉ፣ ከዓይንና ከእጅ የተሰወረውን ረቂቅ ይሉታል። በዘመናችን ናኖቴክኖሎጂ እየተባለ የሚጠራው ጥበብ የሚያበጃቸው ነገሮች በባሕርያቸው ከግዙፉ ወገን ቢሆኑም፣ በመጠናቸው ማነስ ምክንያት ለእኛ ከረቂቁ ይቈጠራሉ። ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው፤ አንድ ሜትር ለአንድ ሺህ ሚሊዮን ቢከፈል ከክፍሎቹ አንዲቱ ናኖሜትር ትባላለች። የሰው ጠጕር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር፣ የአንዲት ቀይ የደም ሕዋስ ስፋት ወደ 7,000 ናኖሜትር ሲሆን፣ የዚህ ጥበብ ሰዎች የሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጥበብ የሚጻፈውን የሚከታተል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የግኝት ዜና ነው፤ በአንዱ ቤተ ሙከራ ይህ ተገኘ፣ በሌላው ዩኒቨርሲቲ ያ ተፈለሰፈ ይባልና ከዚያ በኋላ ወሬው ይጠፋል። ወሬው የሚጠፋው ግኝቱ ሐሰት ሆኖ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጊዜ የተሠራውን ነገር መቶ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት፣ ሳይበላሽ ማቈየት፣ የመንግሥት መርማሪዎችን ማሳመን፣ ዋጋውንም ገዢው በሚችለው ልክ ማድረግ ከግኝቱ ከራሱ የበለጠ ድካምና ዘመን ስለሚጠይቅ ነው እንጂ። ይህን ድካም ለአንባቢ ለማስረዳት ከሁሉ ይልቅ ተስማሚ ሆኖ ያገኘሁት የአንድ መድኃኒት ታሪክ ነው፤ ይህም መድኃኒት አሳቡ በእንግሊዝ አገር በአንድ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተፀንሶ፣ በካሊፎርኒያ ፋብሪካ ተሠርቶ፣ እስከ መተማና እስከ አብዱራፊ ድረስ የመጣ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቈላ፣ በሑመራና በመተማ በኩል፣ የእርሻ ሥራ በደረሰ ጊዜ ከደጋው እጅግ ብዙ ወጣቶች የቀን ሥራ ፍለጋ ይወርዳሉ። ቀን በሰሊጡ ማሳ ሲደክሙ ውለው ሌሊት ከግራር ሥር፣ ስንጥቅጥቅ ባለው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ጋደም ይላሉ፤ ከትንኝ የሚያንስ፣ ክንፉ ሲበር ድምፅ የማያሰማ፣ የአሸዋ ዝንብ የሚባል ነፍሳት በዚያ ይነድፋቸዋል። ዝንቡ የሚያስገባባቸው ጥገኛ ተሐዋስ ጣፊያቸውን፣ ጉበታቸውንና የአጥንታቸውን መቅኔ መኖሪያው ያደርጋል፤ በሽተኛው ለሳምንታትና ለወራት ያተኵሰዋል፣ ሥጋው ይመነምናል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ይሞላዋል፤ ካልታከመም ከ100 ሕሙማን ከ95 የሚበልጡት እንደሚሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። በሽታው ካላ አዛር ይባላል፤ ስሙ ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን ጥቁር ደዌ እንደ ማለት ነው። በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ50,000 እስከ 90,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ በሽታ አዲስ እንደሚያዙ ሲገመት፣ በቅርብ ዘመን ከሕሙማኑ የሚበዙት የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ሆነዋል።

በቈላው ብቻ ተወስኖ የቀረ በሽታም አይደለም። በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ ካላ አዛር ከዚያ በፊት በማይታወቅበት ከፍተኛ አገር፣ ትኵሳቱ ብዙ ሰው ሲያጠፋ በመጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የማይበግረው ወባ መጣ ተብሎ ነበር፤ ምርመራው ተደርጎ የበሽታው ማንነት እስኪታወቅ ድረስ ብዙ መቃብር ተቈፍሯል። ጥገኛውን ወደ ደጋው ያወጡት ከሰሊጡ እርሻ ወደ ቤታቸው የተመለሱት ሠራተኞች ሳይሆኑ አልቀሩም ይባላል።

ለካላ አዛር ለብዙ ዘመን የኖረው ፈውስ አንቲሞኒ ከተባለ ማዕድን የተሠራ መርፌ ነው። ይህ መርፌ እስከ ዛሬም ብዙ ሰው ያድናል፤ ነገር ግን በየቀኑ፣ ቀድሞ ለ30 ቀን፣ አሁን ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር ተጣምሮ ለ17 ቀን መወጋት ያስፈልጋል፤ ልብንና ቆሽትንም ይጐዳል፤ በተለይም ሰውነቱ በኤችአይቪ የደከመ ሰው መርዝነቱን ሊቋቋመው አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት መፈለጋቸው አልቀረም፤ ሌላውም መድኃኒት በሩቅ አገር፣ ለሌላ ደዌ ተብሎ ተገኝቶ ቈይቶ ነበር።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካው የስኩዊብ ኩባንያ ተመራማሪዎች በቬኔዝዌላ ከኦሪኖኮ ወንዝ አካባቢ የመጣ አፈር ሲመረምሩ፣ በአፈሩ ውስጥ ከሚኖር ባክቴርያ አምፎቴሪሲን የተባለውን ንጥረ ነገር አገኙ። አምፎቴሪሲን የፈንገስን ሕዋስ ሽፋን ከሚያጸናው ስብ ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ይበሳዋል፤ የካላ አዛር ጥገኛም የዚሁ ዓይነት ስብ ስላለው በእርሱም ላይ ይሠለጥናል። የሰው ሕዋስ ሽፋን የሚጸናው ግን በኮሌስትሮል ነው፤ አምፎቴሪሲን ከኮሌስትሮል ጋር የሚጣበቀው በድካም ቢሆንም ፈጽሞ አይጣበቅም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ይህን መድኃኒት በደም ሥሩ የተቀበለ በሽተኛ በብርድና በትኵሳት ይንቀጠቀጣል፣ ኩላሊቱም ይጐዳል። ሐኪሙ በሽታውን ለመግደል የሚበቃ መጠን ልስጥ ቢል ኩላሊቱ ይቃወመዋል፤ ኩላሊቱን ልጠብቅ ቢል በሽታው ይበረታበታል። በዚህ መካከል ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ።

አሁን ወደ እንግሊዝ እንመለስ። በ1961 ከኬምብሪጅ ከተማ አጠገብ ባብራሃም በሚባለው ስፍራ በነበረው የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ተቋም፣ አሌክ ባንገም የተባሉ የደም ሊቅ ሆርን ከተባሉት ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ተቋሙ አዲስ ባገኘው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሌሲቲንን ተመለከቱ። ሌሲቲን በእንቁላል አስኳልና በአኩሪ አተር ውስጥ የሚገኝ የስብ ዓይነት ነው፤ የእያንዳንዱ ሞለኪውል ራስ ውሃን ይወዳል፣ ጅራቱ ግን ውሃን ይሸሻል። እንዲህ ያለውን ስብ ውሃ ውስጥ ቢጨምሩት ጅራቶቹ እርስ በርሳቸው ተሸሻሽገው፣ ራሶቹ ወደ ውሃው ተመልሰው፣ ማንም ሳያዝዘው በገዛ ራሱ ተጠቅልሎ ውስጡ ውሃ የያዘ ኳስ ይሆናል። ባንገም ያዩት ምስል የሕያው ሕዋስን ሽፋን ስለመሰላቸው ይህ ነገር የሕይወትን መያዣ ምሥጢር ለመመርመር ይጠቅማል ብለው በ1964 አሳተሙት፤ ለመድኃኒት ንግድ ይሆናል ብለው አልተነሡም። ኳሱም ሊፖዞም ተባለ።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ግሪጎሪ ግሪጎሪያዲስ የተባሉ በለንደን የሚሠሩ ግሪካዊ ሊቅ ብሬንዳ ራይማን ከተባሉት ጋር ሆነው፣ ይህ የስብ ከረጢት መድኃኒት ተሸክሞ በሰውነት ውስጥ ሊዘዋወር ይችላል የሚለውን አሳብ አቀረቡ። አሳቡ በቀላል አነጋገር ይህ ነው፦ ሰውነትን የሚጐዳውን መድኃኒት በስብ ሸፍነን ብንልከው፣ በመንገዱ ላይ ያሉትን ሕዋሳት ሳይነካ ከሚፈለግበት ቦታ ደርሶ ይፈታ ይሆናል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሂውስተን ከተማ በኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ሆስፒታል፣ ገብርኤል ሎፔዝ በረስታይንና ባልደረቦቻቸው አምፎቴሪሲንን በሊፖዞም ሸፍነው ሌላ ተስፋ ላልነበራቸው በፈንገስ ለተያዙ ሕሙማን ሰጡ፤ ከፊሎቹም ዳኑ፣ ኩላሊታቸውም ተረፈ። መድኃኒቱ ግን ለእያንዳንዱ በሽተኛ እዚያው በቤተ ሙከራ፣ በጥቂት በጥቂቱ የሚዘጋጅ ነበር። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል፤ መድኃኒቱ ተገኘ፣ በሽተኛው ዳነ። ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከፊተኛው ሁሉ የበለጠ ልናውቀው የሚገባን ነው።

በ1981 የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ጆን ባልደሽዊለር ቬስታር የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ በዚያው ዘመን አካባቢ በካሊፎርኒያና በኒው ጀርሲ ሌሎች ሁለት ኩባንያዎች በዚሁ አሳብ ተነሡ። ሦስቱም አንድ ችግር ገጠማቸው። በቤተ ሙከራ የተሠሩት ከረጢቶች አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ባለ ብዙ ሽፋን፣ አንዱ ባለ አንድ ሽፋን ነበሩ፤ ጥቂት ሳምንት ሲቈዩም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ መድኃኒቱንም ያፈስሳሉ። አንድ ሐኪም በዓይኑ እያየ ለአንድ በሽተኛ ሲያዘጋጅ ይህ ጕድለት ይታለፍ ይሆናል፤ ፋብሪካ ግን ዛሬ የሞላውን ብልቃጥና ከሁለት ዓመት በኋላ የሚሞላውን ብልቃጥ መለየት በማይቻልበት አኳኋን መሥራት አለበት፤ ምክንያቱም በዚህ ረቂቅ ዓለም የመጠን ልዩነት ማለት የባሕርይ ልዩነት ማለት ነው። ከረጢቱ ትንሽ ከገዘፈ ሰውነት በሌላ መንገድ ይቀበለዋል፤ ሽፋኑ ትንሽ ከላላ መድኃኒቱ በደም ውስጥ አምልጦ የጥንቱን መርዝነት ይመልሳል።

የቬስታር ሰዎች መፍትሔውን ያገኙት የስቦቹን ዓይነትና መጠን በመምረጥ ነው። ከአኩሪ አተር የተገኘውን ሌሲቲን ሃይድሮጅን ጨምረው አጠነከሩት፤ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ሌላ ስብ ጨመሩ፤ ይህም ስብ ከአምፎቴሪሲን ጋር ተያይዞ መድኃኒቱን ከሽፋኑ ውስጥ አሰረው፤ የጨመሩት ኮሌስትሮልም ማሰሪያውን አጠበቀው። አንድ ብልቃጥ ዛሬ 50 ሚሊግራም አምፎቴሪሲን ሲይዝ፣ ከእርሱ ጋር 213 ሚሊግራም ሌሲቲን፣ 84 ሚሊግራም ባለ ሙል ስብ፣ 52 ሚሊግራም ኮሌስትሮልና 900 ሚሊግራም ስኳር አለበት፤ በክብደት ሲታይ መድኃኒቱ ከተሸካሚዎቹ እጅግ ያንሳል። ስኳሩ የተጨመረው ለጣዕም እንዳይመስለን፤ ድብልቁ በብርድ ኃይል ውሃው ተመጥጦ ዱቄት በሚሆንበት ጊዜ ከረጢቶቹ እንዳይፈነዱና እንዳይጣበቁ በመካከላቸው ገብቶ የሚጠብቃቸው እርሱ ነው። ዱቄት መሆኑ ደግሞ ለንግዱ ሁሉ መሠረት ሆነ፤ በፈሳሽነቱ ቢቀር ኖሮ እንኳን ወደ ቈላ ሊወርድ ከአንዱ የአሜሪካ ግዛት ወደ ሌላው ሳይበላሽ ማድረስ ጭንቅ በሆነ ነበር።

ከዚህም ሌላ የንጽሕና ነገር አለ። ወደ ደም ሥር የሚገባ መድኃኒት ሁሉ ከተሐዋስያን የነጻ መሆን አለበት፤ ሌላውን መድኃኒት በእንፋሎት ሙቀት ቀቅሎ ማንጻት ይቻላል፣ ይህ ግን ቢቀቀል ይፈርሳል። ስለዚህ ቀዳዳው 220 ናኖሜትር ያህል በሆነ ማጣሪያ ያሳልፉታል፤ ባክቴርያ በዚያ ቀዳዳ ማለፍ ሲያቅተው፣ ከ100 ናኖሜትር የሚያንሰው ከረጢት ያልፋል። መጠኑን ማሳነስ ለሰውነት ብቻ ሳይሆን ለፋብሪካውም እንደዚህ ጠቀመ። እንዲህ ያለውን ዝርዝር ነገር ጋዜጦች አይጽፉትም፤ አንድ ግኝት ወደ ገበያ መውጣቱና አለመውጣቱ የሚወሰነው ግን በእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የቬስታር መድኃኒት አምቢዞም ተብሎ ተሰየመና በ1990 በመጀመሪያ በአየርላንድ የሽያጭ ፈቃድ አገኘ፤ በአሜሪካ ግን እስከ 1997 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በዚህ መካከል ሁለቱ ተወዳዳሪዎች አቤልሴትንና አምፎቴክን ይዘው በ1995 እና በ1996 ቀድመው ወጡ። ሦስቱም አምፎቴሪሲንን በስብ የተሸከሙ ሲሆኑ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ግን አንዱ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋና በመጠኑ እጅግ የገዘፈ፣ አንዱ እንደ ሰሐን የተነጠፈ፣ አምቢዞም ብቻ እውነተኛ ኳስ ነበር፤ በሰውነት ውስጥ ያላቸው መንገድ፣ የሚሰጡበትም መጠን ስለሚለያይ ሐኪም አንዱን በሌላው ፋንታ ሊያዝዝ አይችልም። በቀድሞው የመድኃኒት ሕግ መድኃኒትን መድኃኒት የሚያሰኘው ንጥረ ነገሩ ነበር፤ እዚህ ግን ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቅርጹና መጠኑ ሦስት ልዩ ልዩ መድኃኒቶች አደረገው። መርማሪዎቹም አዲስ ጥያቄ መጠየቅ ግድ ሆነባቸው፤ ምን አለበት ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ናኖሜትር ነው፣ ሁሉስ እኩል ነውን፣ ከዓመት በኋላስ እንዲሁ ይቈያልን የሚል። የአውሮፓ ኮሚሽን ናኖ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ ትርጓሜ የሰጠው በ2011 ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ናኖ ስላለባቸው መድኃኒቶች የመጨረሻ መመሪያውን ያወጣው በ2022 ነው። በዚያን ጊዜ አምቢዞም በአሜሪካ ገበያ ከዋለ 25 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ብልቃጡ ናኖ የሚል ጽሕፈት ሳይኖርበት ተሸጠ፤ የጥበቡ ስም በዓለም ላይ ገና ሳይገን ጥበቡ ከሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ደርሷል።

ለካላ አዛር ሕሙማን ደግሞ በዚህ ኳስ ውስጥ ልዩ በጎ ነገር ነበረበት። ሰውነታችን ባዕድ ነገር በደም ውስጥ ሲያገኝ፣ የሚውጡት ትላልቅ ነጭ ሕዋሳት በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ተሰልፈው ይጠብቁታል። በሊፖዞም የካንሰር መድኃኒት ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች ይህን መዋጥ እንደ ትልቅ መሰናክል ቈጥረውት ነበር፤ በኢየሩሳሌም የሀዳሳ ሆስፒታል የጀመረውና በ1995 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶክሲል የተባለው መድኃኒት ከእነዚህ ሕዋሳት እንዲያመልጥ ኳሱ በሌላ ኬሚካል መሸፈን ነበረበት። የካላ አዛር ጥገኛ ግን የሚኖረው በእነዚሁ ዋጭ ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሕዋሱ ኳሱን በዋጠ ጊዜ መድኃኒቱን ጠላቱ በተቀመጠበት ጓዳ ውስጥ ራሱ ያስገባዋል። አምቢዞም በ1997 በአሜሪካ ሲፈቀድ ከተፈቀደለት ደዌ አንዱ ይኸው ካላ አዛር ነበር፤ በአሜሪካ የዚህ በሽታ ሕሙማን ከቍጥር የማይገቡ ሲሆኑ።

እንግዲህ የገበያን ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ኩባንያ መድኃኒቱን የሚሸጥለት ሰው ገንዘብ ያለው ሰው ነው፤ የአምቢዞም ፋብሪካ እንዲመሠረት ያደረጉት በሀብታም አገር ሆስፒታሎች የሚታከሙ፣ በካንሰር ሕክምና ምክንያት ሰውነታቸው ደክሞ በፈንገስ የተያዙ ሕሙማን ናቸው፤ የሰሊጥ አጫጁ በሒሳቡ ውስጥ አልነበረም። በዚህ ላይ ኩባንያውን መውቀስ ብቻ ቀላል ነው፤ እነዚያ ባለገንዘብ ገዢዎች ባይኖሩ ግን መድኃኒቱ ከሂውስተን ጠረጴዛ ባልወጣ ነበር። ጥያቄው ከወጣ በኋላ ወደ ሌላው እንዴት ይደርሳል የሚለው ነው። ቬስታር በ1995 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተቀላቅሎ ኔክስታር ሆነ፣ ኔክስታርን ደግሞ በ1999 ጊልያድ ገዛው፤ ጊልያድም ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተነጋግሮ ካላ አዛር ለሚያጠቃቸው ድኾች አገሮች አንዱን ብልቃጥ ወደ 18 ዶላር ገደማ ዝቅ አድርጎ ለመሸጥ ተስማማ፤ ይህም በሀብታም አገሮች ከሚሸጥበት እጅግ ያነሰ ነበር። ቢሆንም አንባቢ ሒሳቡን ይመልከት፤ ክብደቱ 50 ኪሎ የሆነ ሰው በምሥራቅ አፍሪካ ለሚሰጠው ሙሉ ሕክምና በየኪሎው 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ ይህ 1,500 ሚሊግራም ነው፤ 30 ብልቃጥ ማለት ነው፤ በ18 ዶላር ሲባዛ 540 ዶላር ይሆናል። በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ለእንጀራና ለመመለሻ ትራንስፖርት ከሚያስፈልገው ተርፎት ይህን ሊያወጣ አይችልም፤ የወረዳው ጤና ጣቢያም በጀቱ አይችለውም። በ2011 ኩባንያውና የዓለም ጤና ድርጅት 445,000 ብልቃጥ በ5 ዓመት ውስጥ በስጦታ እንዲሰጥ ተፈራረሙ፤ ስምምነቱም ከዚያ በኋላ ታድሷል። ስለዚህ በመተማ የሚሰጠው አምቢዞም በአብዛኛው የተገዛ ሳይሆን የተሰጠ ነው። ለተሰጠው ምስጋና ይገባል፤ ሕይወቱ በስጦታ ስምምነት መታደስና አለመታደስ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን በልቡ የሚያርፍ አይመስለኝም።

በሕንድ አገር፣ በቢሃር ግዛት፣ በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በየኪሎው 10 ሚሊግራም የሆነ አምቢዞም አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰጥ ከ100 ሕሙማን 95 ያህሉን አድኗል። በአንድ ቀን ገብቶ በአንድ ቀን መውጣት! ይህ ዜና በእኛም አገር ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር፤ ነገር ግን በኢትዮጵያና በሱዳን በተደረገው ሙከራ ያው አንድ መጠን ስላልበቃ ሙከራው ከጊዜው በፊት እንዲቆም ሆነ። ጥገኛው የአንድ ዘር ወገን ቢሆንም በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ለመድኃኒቱ እንደ ሕንዱ አይሸነፍም፤ አንድ ሕክምና ለአንድ አገር ተፈትኖ ስለ ሠመረ ለሌላው ይሠምራል ማለት አይቻልም። ስለዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላ አዛር ምርምርና ሕክምና ማዕከልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በሚሠሩበት በአብዱራፊ፣ በ2014 እና በ2015 ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ኤችአይቪም ካላ አዛርም ያለባቸውን ሕሙማን ይዘው አምቢዞምን ሚልቴፎሲን ከተባለ የሚዋጥ መድኃኒት ጋር አጣምረው መረመሩ፤ ጥምረቱም አምቢዞም ብቻውን ከሚያደርገው እጅግ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መመሪያውን የለወጠው ይህንንና በሕንድ የተደረገውን ሌላ ጥናት መሠረት አድርጎ ነው። በጎንደር የተሠራው ሥራ የዓለምን መመሪያ መለወጡን ስናገር ደስታዬን መሰወር አልፈልግም፤ ረቂቁን ነገር እኛ አልፈለሰፍነውም፣ ለማን፣ ስንት፣ ከምን ጋር እንደሚሰጥ ያወቅነው ግን እኛው ነን፤ ይህም የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ሌሎች አምራቾች ለምን ቶሎ አልተነሡም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። የተለመደ ክኒን ቢሆን መብቱ ባለፈ በማግስቱ አሥር ፋብሪካ ይሠራው ነበር። እዚህ ግን የስቡን ዝርዝር ማወቅ አይበቃም፤ በአንድ ዓይነት ዝርዝር ተሠርተው፣ በአሠራሩ ሙቀትና ጊዜ ጥቂት በመለያየታቸው ብቻ በመርዝነታቸው የተለያዩ ከረጢቶች እንደሚገኙ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። አስመሳዩ አምራች የእርሱ ኳስ ቀይ የደም ሕዋስን ምን ያህል እንደሚጐዳ ሳይቀር ለክቶ ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆኑን ማስረዳት አለበት። የአሜሪካ መንግሥት ለሌላ አምራች፣ ለሕንዱ ሰን ፋርማ፣ ፈቃድ የሰጠው በ2021 መጨረሻ ነው። በሕንድ ከዚያ በፊት የተሠራ ፈንጊዞም የተባለ ሌላ ሊፖዞም ቢኖርም፣ ፈሳሽ ስለሆነ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ከመሰጠቱም በፊት በሆስፒታሉ ውስጥ በልዩ መሣሪያ በድምፅ ሞገድ ለ45 ደቂቃ መናወጥ አለበት፤ ይህን መሣሪያና ይህን መብራት በገጠር ሆስፒታል ማን ይሰጣል?

የአምራቾቹ ማነስ ያለውን አደጋ ዓለም በ2021 አየው። በሕንድ የኮቪድ ወረርሽኝ በበረታበት በግንቦት ወር ጥቁር ፈንገስ የተባለው በሽታ ብዙ ሺህ ሰው ሲይዝ፣ ሊፖዞም ያለው አምፎቴሪሲን ከመደብሩ ሁሉ ጠፋ፤ የሕሙማን ዘመዶች ብልቃጥ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ተንከራተቱ። ደግሞም በአምስት የአፍሪካ አገሮች በ814 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2022 የታተመ ጥናት፣ በኤችአይቪ ሕሙማን አንጎል ሽፋን ላይ ለሚወጣው የክሪፕቶኮከስ በሽታ የዚህ መድኃኒት አንድ ከፍተኛ መጠን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር ቢሰጥ እንደሚበቃ አሳይቷል። ፈላጊው በዛ ማለት ነው። ፈላጊ ሲበዛ አምራች ይበዛል፣ ዋጋም ይረክሳል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ እስከዚያው ግን የአንዱ በሽተኛ ብልቃጥ ከሌላው በሽተኛ ድርሻ የሚወጣ እንዳይሆን ማሰብ የመንግሥታትና የድርጅቶች ግዴታ ነው።

ብልቃጡ መተማ በደረሰ ጊዜም መንገዱ አላለቀም። በላዩ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ይቀመጥ ይላል፤ በዚያ ቈላ ግን ክረምት ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል። ነርሷ ሳጥኑን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ቴርሞሜትሩን ታያለች፤ ለእያንዳንዱ ብልቃጥ 12 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በመርፌ ትጨምርና ቢጫው ዱቄት ፈጽሞ እስኪበተን ለ30 ሴኮንድ በኃይል ትነቀንቀዋለች። ከዚያ በመርፌው ጫፍ በተገጠመው ማጣሪያ አሳልፋ ከግሉኮስ ጋር ትቀላቅለዋለች፤ በሆስፒታሉ ሁሉ ቅርብ የሆነውን የጨው ውሃ ግን አትነካውም፤ ጨው ከነካው ከረጢቶቹ ተጣብቀው እንደ አተላ ይዘቅጣሉና። በሽተኛው፣ ከምዕራብ ጎጃም ወይም ከሊቦ ከምከም የወረደ ልጅ፣ ጣፊያው ከጎድን አጥንቱ በታች ወጥቶ እየታየ በአልጋው ላይ ተጋድሟል፤ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ እያለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቅለታል። በሌላው ቀን ያው ሥራ ይደገማል፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ፣ 30ው ብልቃጥ እስኪያልቅ ድረስ።